ስታዲየም በስሟ የተሰየመላት ፋኒ

በዚህ እትም የታዋቂ ሰዎችን ሕይወት የመጻፍ ተራው የኔ ነው። የክበባችን ልጆች ስለ አበበ ቢቂላ ወይም ስለ ምሩፅ ይፍጠር ትጽፋለች ብለው ጠብቀው ነበር። እኔ ግን የማጫውታችሁ ስለ አንዲት የኔዘርላንድ ሴት ነው። ስሟ ፋኒ ብላንከርስ ኮን ይባላል። የመሰናክል ሯጭ ነበረች። ስሟ መጀመሪያ ለአፍ ይከብዳል፣ ሦስት አራቴ ስትሉት ግን ይለመዳል።

እንዴት እንዳገኘኋት ልንገራችሁ። የስፖርት መምህራችን የአገራችን ሯጮች የሰበሯቸውን የዓለም ክብረ ወሰኖች ከነዓመቱና ከነቦታው ጽፋችሁ አምጡ ብለው የቤት ሥራ ሰጡን። እኔም ጻፍኩ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ5 ሺህ ሜትር፣ 1994፣ ሄንግሎ። ኃይሌ እንደገና በ10 ሺህ ሜትር፣ 1995፣ ሄንግሎ። ቀነኒሳ በቀለ በ5 ሺህ ሜትር፣ 2004፣ ሄንግሎ። ለተሰንበት ግደይ በ10 ሺህ ሜትር፣ 2021፣ ሄንግሎ። አንድ ስም አራት ጊዜ ስጽፍ ተሳስቼ የደጋገምኩ መስሎኝ እንደገና አየሁት። ልክ ነው። መምህራችንን ስጠይቃቸው ሄንግሎ በኔዘርላንድ ምሥራቅ፣ ወደ ጀርመን ድንበር ጠጋ ብላ ያለች ከተማ እንደሆነች ነገሩኝ። ስታዲየሙ ፋኒ ብላንከርስ ኮን ስታዲየም ይባላል። በየዓመቱ የሚደረገው ውድድርም የሚጠራው በስሟ ነው። እንግዲህ የኛ ጀግኖች ያን ሁሉ የሮጡት እሷ ቤት ነው ማለት ነው። እኔ ደግሞ የባለቤቷን ስም ሳላውቅ የቤቱን ስም አራት ጊዜ ጽፌ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ እሷ ማንበብ ጀመርኩ።

(የምጽፈው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የኛን ስጽፍ የኛ ነው ብዬ እነግራችኋለሁ።)

ፋኒ የተወለደችው ኤፕሪል 26 ቀን 1918 ባርን በምትባል ከተማ አቅራቢያ ባለች ትንሽ መንደር ነው። አባቷ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፣ በወጣትነቱም አሎሎና ዲስከስ ይወረውር ነበር። አምስት ወንድሞች ነበሯት። አምስት! እኔ ሁለት ብቻ ነው ያሉኝ፣ ኳስ ግን አያስነኩኝም። ፋኒ ልጅ ሆና ያልሞከረችው ስፖርት የለም። ዋና፣ ቴኒስ፣ ጂምናስቲክ፣ በበረዶ ላይ መንሸራተት፣ የጎራዴ ግጥሚያ ሳይቀር ሞክራለች። ሁሉንም ትችል ስለነበር የቱን እንደምትይዝ ግራ ገባት። ያን ጊዜ የዋና አሠልጣኟ ጥሩ ምክር መከራት። ኔዘርላንድ በጣም ጎበዝ ሴት ዋናተኞች አሏት፣ እዚያ ውስጥ ገብቶ ለኦሎምፒክ መመረጥ ከባድ ነው፣ በሩጫ ግን ዕድል አለሽ አላት። አሠልጣኝ የራሱን ተማሪ ወደ ሌላ ስፖርት ሲልክ አስቡት። እሱ ዝም ቢል ኖሮ ዛሬ ይህን ገጽ አልጽፍም ነበር።

በ1935፣ በ17 ዓመቷ መወዳደር ጀመረች። በሦስተኛ ውድድሯ 800 ሜትር ሮጣ የአገሯን ክብረ ወሰን ሰበረች። ደስ ይላል አይደል? ችግሩ ግን በኦሎምፒክ የሴቶች 800 ሜትር የሚባል ነገር አልነበረም። በ1928 አምስተርዳም ላይ አንድ ጊዜ ተሮጦ ነበር። ሴቶቹ ሲጨርሱ ደክሟቸው ወደቁ ተብሎ ተወራና ርቀቱ ለሴት አይሆንም ተባለ። እስከ 1960 ድረስም አልተመለሰም። ወንዶች ሲጨርሱ አይወድቁም እንዴ? ይህን ሳነብ ጥሩነሽንና መሠረትን አሰብኩ። በዚያ ዘመን ቢወለዱ ኖሮ ማንም አያውቃቸውም ነበር። ፋኒም ርቀቱን ትታ ወደ አጭር ሩጫ፣ ወደ ዝላይና ወደ መሰናክል ሄደች።

አሠልጣኟ ያን ብላንከርስ የሚባል ሰው ነበር። እሱ ራሱ ሱሉስ ዘላይ ሆኖ በ1928 ኦሎምፒክ ተወዳድሯል። የሚገርመው መጀመሪያ ላይ ሴት ልጅ ውድድር ውስጥ መግባት የለባትም ከሚሉት ወገን ነበር። የፋኒን ችሎታ ሲያይ ግን ሐሳቡን ቀየረ። በኋላም ባሏ ሆነ። ብላንከርስ የሚለው ስም የሱ ነው፣ ኮን የአባቷ ነው።

በ18 ዓመቷ፣ በ1936፣ ወደ በርሊን ኦሎምፒክ ሄደች። በከፍታ ዝላይና በዱላ ቅብብል ተወዳድራ ያለ ሜዳሊያ ተመለሰች። ይዛ የመጣችው ሌላ ነገር ነው። በዚያ ኦሎምፒክ አራት ወርቅ ያገኘው ጥቁሩ አሜሪካዊ ጄሲ ኦውንስ ነበር፤ እሷም ሄዳ በወረቀት ላይ እንዲፈርምላት ጠየቀችው፣ ፈረመላት። ያቺን ወረቀት ዕድሜዋን ሙሉ አስቀመጠቻት። ይህን ነገር እዚህ ላይ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

በ1938 በቪየና በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና በ100 እና በ200 ሜትር ነሐስ አገኘች። ገና 20 ዓመቷ ነው። ሁሉም በሚቀጥለው ኦሎምፒክ ይለያል ብሎ ጠበቀ። ከዚያ ጦርነት መጣ።

የ1940 ኦሎምፒክ ተሰረዘ። የጀርመን ጦር በዚያው ዓመት በሜይ ወር ኔዘርላንድን ያዘ። የ1944 ኦሎምፒክም ተሰረዘ። እኔ በሒሳብ ጎበዝ አይደለሁም ግን ይህን አስልቼዋለሁ። በመጀመሪያው 22 ዓመቷ ነበር፣ በሁለተኛው 26። ሯጭ ጉልበቱ የሚሞላው በነዚህ ዓመታት ነው ይላሉ መምህራችን። ፋኒ ሁለቱንም ቤቷ ሆና አሳለፈች። በ1940 ኦገስት ወር ከያን ጋር ተጋባች፣ በ1942 ወንድ ልጅ ወለደች።

በዚያ ዘመን ኔዘርላንድ ውስጥ ሴት ስትወልድ ስፖርቷ አለቀ ማለት ነው። ሰው ሁሉ እንዲያ ነው ያሰበው። እሷ ግን ወዲያው ልምምዷን ቀጠለች። በ1943፣ አገሩ በጠላት ተይዞ፣ ምግብ በወረፋ በሚታደልበት ጊዜ፣ በከፍታ ዝላይ 1 ሜትር ከ71 ሳንቲ ሜትር ዘለለች። በዚያው ዓመት በርዝመት ዝላይ 6 ሜትር ከ25። ሁለቱም የዓለም ክብረ ወሰን ናቸው። የርዝመቱ እስከ 1954 ድረስ ማንም አልነካውም። ከውጭ አገር መጥቶ የሚያይ ሰው በሌለበት፣ ውድድር በጠፋበት ጊዜ ነው ይህ ሁሉ። ከዚያ ከ1944 እስከ 1945 ያለው ክረምታቸው መጣ። የረሃብ ክረምት ነው የሚሉት። ሰው የሚበላው አጥቶ የቱሊፕ አበባ ሥር ቀቅሎ በላ። ያኔ ስለ ሩጫ ማን ያስባል?

ጦርነቱ በ1945 አበቃ። በ1946 ፋኒ ሴት ልጅ ወለደች። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ በኦስሎ የአውሮፓ ሻምፒዮና ነበር፣ ሄደች! በ100 ሜትር ግማሽ ፍጻሜ ላይ ወደቀች። በመሰናክልና በዱላ ቅብብል ግን ወርቅ ይዛ ተመለሰች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ፣ ለንደን 1948። ሴቶች ልጆች ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ፋኒ 30 ዓመቷ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት። የእንግሊዝ አትሌቲክስ ትልቅ ሰው አርጅታለች ብሎ ተናገረ። ከገዛ አገሯ ደግሞ ደብዳቤ ይጎርፍላት ጀመር። የማታውቃቸው ሰዎች ቁምጣ ለብሰሽ ከምትሮጪ ቤትሽ ተቀምጠሽ ልጆችሽን አሳድጊ እያሉ ይጽፉላት ነበር። ቁጭ ብለው፣ ወረቀት አውጥተው፣ ቴምብር ገዝተው! እሷ ተናደደች። ንዴቱም የጠቀማት ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ስለ አክስቴ ትንሽ ልበል። አክስቴ ከኛ ጋር ነው የምትኖረው። ለዞናችን ተሰልፋ 1500 ሜትር ሮጣለች፣ ዋንጫ ስትቀበል የተነሳችው ፎቶ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አለ። ልጅ ስትወልድ ስሟ ከዝርዝር ወጣ። ተቆጥቶ ያባረራት ሰው የለም። ደብዳቤም አልጻፉላትም። ዝም ብለው ሳይጠሯት ቀሩ። ልጇ አሁን ሁለት ዓመቱ ነው። ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ማታ ማታ አነብላት ነበር፣ የደብዳቤው ጋ ስደርስ ሽንኩርት መክተፏን አቁማ ለመሆኑ ስትለማመድ ልጆቹን ማን ይይዝላት ነበር ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አላሰብኩትም ነበር። ሄጄ ፈለግኩ። መልሱን ሳገኝ በጣም ነው የሳቅኩት። ይዛቸው ነበር የምትሄደው። እሷ ስትሮጥ እነሱ የርዝመት ዝላይ አሸዋው ላይ ይጫወታሉ። ልምምዷም በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነበር።

ወደ ለንደን እንመለስ። አንድ ሕግ ነበር። አንዲት ሴት በግል ከሦስት ውድድር በላይ መግባት አትችልም። ፋኒ ደግሞ የከፍታውም የርዝመቱም ክብረ ወሰን ባለቤት ናት። መምረጥ ነበረባት፣ ሁለቱንም ዝላይ ትታ 100 ሜትር፣ 200 ሜትርና 80 ሜትር መሰናክል ያዘች። በኋላ የተሰጡትን ወርቆች አየኋቸው። የርዝመት ዝላይ ወርቅ የተገኘው ስድስት ሜትር እንኳ ባልሞላ ዝላይ ነው። የከፍታው በ1 ሜትር ከ68። የፋኒን ቁጥር ከላይ ጽፌላችኋለሁ፣ እናንተው አስተያዩት።

የ100 ሜትር ፍጻሜ ኦገስት 2 ነበር። በኛ ሐምሌ 26 ቀን 1940 መሆኑ ነው። እነሱም ጋ ዝናብ ነበር፣ የዌምብሌይ ስታዲየም መሮጫ ጨቅይቶ ነበር። በ11.9 ሰከንድ አሸነፈች። የኔዘርላንድ ሴት በአትሌቲክስ ወርቅ ስታገኝ እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

ከሁሉ የምወደው የመሰናክሉ ፍጻሜ ነው። መጀመሪያ ግን መሰናክል ምን እንደሆነ ላስረዳ፣ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ስለሌለ ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን ብቻ ነው የምናውቀው። ያኔ የሴቶች መሰናክል 80 ሜትር ነበር። ስምንት መሰናክሎች አሉት። ከመነሻው እስከ መጀመሪያው 12 ሜትር ነው፣ በመሰናክሎቹ መካከል 8 ሜትር፣ ከመጨረሻው እስከ መግቢያው 12 ሜትር። ደምሩት፣ 80 ይመጣል። ቁመታቸው 76 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነበር፣ የክፍላችን ዴስክ ያህል። በሁለት መሰናክል መካከል ሦስት እርምጃ ብቻ ነው የሚረገጠው። አንዱን ከነካህ እርምጃህ ይዛባል፣ እርምጃህ ከተዛባ ቀጣዩን በተሳሳተ እግር ታገኘዋለህ። (ዛሬ የሴቶቹ 100 ሜትር ሆኗል፣ መሰናክሎቹም አሥር ናቸው፣ ከፍ ብለዋልም።)

ይህን ሳነብ ቀላል መስሎኝ ከጓደኞቼ ጋር ከሜዳው ጥግ ብሎኬት በብሎኬት ላይ ደርበን፣ የባሕር ዛፍ እንጨት አጋድመን ሞከርነው። የኛ የጉልበት ከፍታ ብቻ ነበር። ሁለት አለፍኩ። ሦስተኛው ላይ ጉልበቴን ተላጥኩ፣ ጠባሳው አሁንም አለ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈውን ትንሽ ስለማውቀው ነው የምጽፈው።

የፋኒ ተቀናቃኝ ሞሪን ጋርድነር ነበረች፣ የ19 ዓመት እንግሊዛዊት፣ የባሌ ዳንሰኛ። ፋኒ ከዚያ በፊት አግኝታት አታውቅም ነበር። ማሟሟቂያው ቦታ ላይ መሰናክል አልነበረም፤ ሞሪን ግን የራሷን ይዛ መጣች። ፋኒ መሰናክሏን ይዛ የምትዞር ልጅማ ጎበዝ መሆን አለባት ብላ ፈራች። ሄዳም ጨበጠቻትና በመሰናክሎቹ እሷም እንድትለማመድ ጠየቀቻት። አብረው ተለማመዱ። ያኔ ነው ሞሪንም እንደሷ የምትንቀጠቀጥ መሆኗን ያየችው። ወርቅ የሚሻሙ ሰዎች እንዲህ ዕቃ ይዋዋሳሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ኦገስት 4 ቀን ፍጻሜው ተጀመረ። ፋኒ ሲነሱ ዘገየች። ሌሎቹ ቀድመዋል። መሰናክል አጭር ሩጫ ነው፣ ከኋላ ለመድረስ ጊዜ የለም። እሷ ግን ደረሰች። አምስተኛው መሰናክል ላይ በጣም ተጠግታ ስለነበር መታችው። ሚዛኗ ተዛባ፣ አዘላለሏ ተበላሸ፣ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደች ገባች። ሞሪንና እሷ እኩል ነው የደረሱት። ሦስተኛዋ የአውስትራሊያዋ ሸርሊ ስትሪክላንድም ብዙም አልራቀችም። ማን እንዳሸነፈ በዓይን መለየት አልተቻለም። ፎቶው እስኪታይ መጠበቅ ነው።

ሲጠብቁ ድንገት ሙዚቀኞቹ የእንግሊዝን መዝሙር መቱ። ፋኒ ልቧ ወደቀ። የእንግሊዝ መዝሙር ከተመታ ሞሪን አሸነፈች ማለት ነው ብላ አሰበች። እኔም ስሆን እንደዚያ ነው የማስበው። መዝሙሩ ግን የተመታው ንጉሡና ቤተሰባቸው ስታዲየም በመግባታቸው ነበር! ትንሽ ቆይቶ ውጤቱ ሰሌዳው ላይ ወጣ። አንደኛ ፋኒ። የሁለቱም ሰዓት 11.2 ተብሎ ነው የተጻፈው፣ አንድ ዓይነት። አንደኛዋ ወርቅ፣ ሌላዋ ብር። ሞሪን ታሳዝነኛለች፣ ፋኒን ብወዳትም።

ቀጥሎ የሆነውን ደግሞ ማንም አይገምትም። ሁለት ወርቅ ያላት ሴት ከ200 ሜትር ግማሽ ፍጻሜ በፊት ቁጭ ብላ አለቀሰች። ልጆቿ ናፍቀዋታል፣ ሰው ሁሉ አሸንፊ አሸንፊ እያለ አስጨንቋታል፣ ትቼ አገሬ ልሂድ አለች። እኔ ጀግና አያለቅስም፣ ቢያለቅስም ሲሸነፍ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ያን አልተቆጣትም። ማቆም ትችያለሽ፣ በኋላ ግን እንዳይቆጭሽ እፈራለሁ አላት። እሷም እንባዋን ጠርጋ ወጣች። ግማሽ ፍጻሜውን አሸነፈች። በነጋታው ፍጻሜውን በ24.4 ሰከንድ ስትጨርስ ሁለተኛዋን በ0.7 ሰከንድ ቀድማ ነበር። በ200 ሜትር ይህ ብዙ ሜትር ነው።

የመጨረሻው ቀን የ4 በ100 ዱላ ቅብብል ነበር። ጓደኞቿ ተዘጋጅተው ፋኒ የለችም! የት ሄዳ መሰላችሁ? የዝናብ ካፖርት ልትገዛ ገበያ ወጥታለች። ለጥቂት ደረሰች። ዱላው እጇ ሲገባ ኔዘርላንድ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። ከፊቷ የነበሩትን አልፋ አውስትራሊያን በ0.1 ሰከንድ ቀድማ ገባች። አራት ወርቅ። እንደ ጄሲ ኦውንስ። በስምንት ቀን ውስጥ ማጣሪያውን ጨምሮ 11 ጊዜ ሮጣለች።

አምስተርዳም ስትመለስ በአራት ነጭ ፈረሶች በሚጎተት ሠረገላ ከተማውን ዞረች። መንገዱ በሰው ጢም ብሎ ነበር። እሷ ጥቂት ሜትር ስለሮጥኩ ይህ ሁሉ ሰው ለምን ይወጣል ብላ ተገረመች። የተሸለመችው ምን ይመስላችኋል? መኪና አይደለም፣ ቤት አይደለም። ብስክሌት። ከእንግዲህ መሮጥ እንዳይኖርብሽ ተብሎ በቀልድ ነው የተሰጣት። ያኔ ሯጭ ገንዘብ ከተቀበለ ከውድድር ይታገድ ስለነበር ብዙ የሚከፈልበት ጥሪ ቢመጣላትም መቀበል አትችልም ነበር። ጋዜጦች በራሪዋ የቤት እመቤት የሚል ስም አወጡላት። ይህ ስም ለኔ ግማሹ ደስ ይለኛል፣ ግማሹ አይደለም። ወንድ ሯጭ በራሪው አባወራ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው፣ ገጹም እያለቀብኝ ነው። በ1950 ብራስልስ ላይ በአውሮፓ ሻምፒዮና ሦስት ወርቅና አንድ ብር አገኘች። በ1952 ሄልሲንኪ ኦሎምፒክ 34 ዓመቷ ነበር፣ ሰውነቷ ላይ እባጭ ወጥቶባት ታማ ነው የሄደችው። በመሰናክሉ ፍጻሜ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መሰናክሎች መታችና ቆመች። ወርቁን የወሰደችው ሸርሊ ስትሪክላንድ ናት፣ ለንደን ላይ ሦስተኛ የወጣችው። በ1955 የመጨረሻ የአገር ሻምፒዮንነቷን አገኘች፣ በሩጫ ሳይሆን በአሎሎ ውርወራ፣ በአባቷ ስፖርት። ከዚያ ሩጫ አቆመች። በኋላ የአገሯን የአትሌቲክስ ቡድን እየመራች ወደ ኦሎምፒክ ሄዳለች።

ያቺን ወረቀት ያዙልኝ ብያችሁ አልነበር? ከብዙ ዓመታት በኋላ ፋኒ ጄሲ ኦውንስን እንደገና አገኘችው። ፋኒ ነኝ፣ ፊርማህ እስካሁን አለኝ ብላ ራሷን ልታስተዋውቀው ጀመረች። እሱ ግን መንገር አያስፈልግሽም፣ ስለ አንቺ ሁሉንም አውቃለሁ አላት። ይህን ለክፍላችን ልጆች ስነግራቸው ሁሉም ጸጥ አሉ።

በ1999 የዓለም አትሌቲክስ ፌዴሬሽን በሞናኮ የምዕተ ዓመቱ ምርጥ ሴት አትሌት ብሎ ስሟን ጠራ። እሷ የተጠራችው ለሌላ ሰው ለማጨብጨብ መስሏት ነበር መሰለኝ፣ እኔ ነኝ ወይ ያሸነፍኩት ብላ ነው የጠየቀችው። 81 ዓመቷ ነበር። በመጨረሻ ዕድሜዋ የመርሳት በሽታ ያዛት። ጃንዋሪ 25 ቀን 2004 በ85 ዓመቷ ሞተች።

ሜይ 31 ቀን 2004፣ በኛ ግንቦት 23 ቀን 1996፣ ከሞተች አራት ወር ሲሆናት፣ ቀነኒሳ በስሟ በሚጠራው ውድድር ላይ 5 ሺህ ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ ሮጠ። 16 ዓመት የቆየ ክብረ ወሰን ነው። በ2021 ደግሞ አዳማ የተወለደችው የኔዘርላንዷ ሲፋን ሐሰን እዚያው ስታዲየም 10 ሺህ ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ06.82 ሮጣ ክብረ ወሰን ሰበረች። ሁለት ቀን ብቻ ቆይቶ ለተሰንበት በኛ የኦሎምፒክ ማጣሪያ ላይ፣ እዚያው መሮጫ ላይ፣ በ29 ደቂቃ ከ01.03 አሻሻለችው። የቤት ሥራ ደብተሬ ላይ ሄንግሎ ከሚለው አጠገብ አራቱም ቦታ ፋኒ ብዬ በትንሹ ጽፌያለሁ። መምህራችን አይተው ምንም አላሉም፣ ራይት አደረጉልኝ።

አክስቴ ባለፈው ቅዳሜ ጫማዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ ልጇንም እኔንም ይዛ ሜዳ ሄደች። የርዝመት ዝላዩ አሸዋ ጋ ልጁን አስቀምጠን እኔ ጠባቂ ሆንኩ። አራት ዙር ሮጣ ወገቧን ይዛ ቆመች፣ ሰዓቱን በእማዬ ስልክ ይዤላት ነበር፣ ለማንም እንዳትነግሪ ብላኛለች። እሷን ሳይ ልጁን ረስቼው አሸዋ በላ። ለዚህ ቅዳሜ ውኃና ፎጣ እንይዛለን።